እኔን ዞሮ ያለፈው መርዶ

ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው ኋላ «ምነው ሳታስጠነቅቀን» እንዳትሉኝ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት እንዳየሁት ሰው አንድ ነገር ሲገባው ደስ ይለዋል። ደስ ካላለው ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ስለዚህ እንደገና አስረዳዋለሁ። ታክሲ ውስጥ አስረዳለሁ። ፀጉሬን ስስተካከል አስረዳለሁ። አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ ሰውዬው ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ላስረዳው ብሞክር ሁለተኛ ማደንዘዣ ወጋኝ። ለጥርሴ ይሁን ለምላሴ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

የዕድር ጸሐፊ የሆንኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። አከራዬ አሟቸው በእሳቸው ፈንታ ስብሰባ ብገባ ቃለ ጉባኤው ያለ አጀንዳ ሲጻፍ አየሁ። እጄን አወጣሁ። አርባ ደቂቃ ያህል አስረዳሁ። ስቀመጥ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ያን ጊዜ ክብር መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ዝም እንድል ብዕር ያስያዙኝ ይመስለኛል።

ዕድራችን የድሮ የካዛንቺስ ዕድር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የወሎውም የሸዋውም አንድ ላይ ሆኖ ሲቀባበር የኖረበት ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግን አባላቱ ተበተኑ። ገሚሱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ገሚሱ ሰንጋ ተራ፣ ገሚሱ ደግሞ እዚያው ካዛንቺስና ባምቢስ አካባቢ ተከራይቶ ቀረ። ዕድሩን ግን ማንም አልለቀቀም። ችግሩ መልእክት ነው። ድሮ ጥሩምባ ነፊው አንድ ዙር ዞሮ ሲጨርስ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ያድራል። አሁን ካዛንቺስ ላይ የተነፋ ጥሩምባ ጎተራ እንዲሰማ ከተፈለገ ሰውየው ሳንባ ሳይሆን ሞተር ያስፈልገዋል።

የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በተከፈተ በወሩ አንዲት አባላችን የገዛ ወንድሟን ሞት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ፣ በአንድ የልደት ኬክ ሥዕልና በአንድ «መልካም ቀን ይሁንላችሁ» መካከል አነበበችው። ሴትዮዋ ከታክሲው የወረደችው በሰው ትከሻ ነው። ግሩፑ በዚያው ቀን ተዘጋ።

መቼም መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቢሆንም ላስረዳ። መርዶ አገር ሁሉ ይሰማዋል፣ ባለቤቱ ብቻ አይሰማውም። ባለቤቱ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፤ በማለዳ፣ ከሽማግሌዎች አፍ፣ እህል መቅመሱና እንቅልፍ መተኛቱ ከተረጋገጠ በኋላ። እስከዚያው ድረስ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየ «ምንም የለም» ይለዋል። ለሁሉም ደርሶ ለአንድ ሰው ብቻ የማይደርስ መልእክት ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ጥሩምባም ቴሌግራምም አይችሉትም።

ሊቀመንበራችን አቶ በላቸው ጠሩኝና «መምህር፣ ቴክኖሎጂ ታውቃለህ ይባላል። እስቲ ለዚህ ነገር መላ በል» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ትልልቅ የመገናኛ መረቦች ነበር። በመረቡ እምብርት ላይ ራውተር የሚባሉ መሣሪያዎች ተቀምጠዋል። ሥራቸው መልእክት ተቀብለው ማሳለፍ ነው። አንዱ ራውተር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀጥሎ ለማን እንደሚያቀብል ብቻ ነው። የተለመደው መንገድ ሲዘጋ በሌላ ያዞራል። ፖስታውን አይቶ ያሳልፋል እንጂ ውስጡን ከፍቶ አያነብም። ማንነቱን ያላጣራው ባዕድ መጥቶ «በእኔ በኩል አሳልፍ» ቢለው እሺ አይልም። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። መርዶ የሚፈልገው ይህንን ነው! እኛ ዕድርተኞች ራውተር የመሆን ችግር የለብንም፤ ሲነገረን ማቀበል ከጥንትም እናውቅበታለን።

ሦስት ሌሊት አምሽቼ በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልኩት። አቶ በላቸው ሰማያዊ ክብ፣ እኔ ቀይ ክብ፣ የሰንጋ ተራው ጋሽ ሙሉጌታና የጎተራዋ ወይዘሮ ዘይነባ አረንጓዴ ክብ ሆንን። ከእኛ ሥር ሌሎቹ አባላት እንደ ወይን ዘለላ ተንጠለጠሉ። አንዱ ስልክ ካላነሳ ለማን እንደሚደወል በነጠብጣብ መስመር አሳየሁ። ሕግም አወጣሁ። ሰው ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ስለሚያወራ የሟች ስም በስልክ አይጠራም፤ ሰዓት፣ ቦታና ከማን እንደሚደበቅ ብቻ ይነገራል። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ወሬ ተቀባይነት የለውም፤ የባለ ሐዘኑ ዘመድ ከሆነ ግን ቃሉ እንደ ማረጋገጫ ይወሰዳል። ከሁሉም በታች በአረንጓዴ ማርከር፣ በሚያምር ጽሑፌ፣ «መልእክቱ የማይደርሰው ለባለ ሐዘኑ ቤት ብቻ ነው» ብዬ አሰመርኩበት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልምምድ ነበር። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለሁሉም እየደወልኩ «ሙከራ ነው» እላለሁ። ጥፋት ያገኘሁበትን ሰው ሰኞ ዕለት ቤቱ ድረስ ሄጄ አስረዳዋለሁ። ሰዎች በሩን ቶሎ የማይከፍቱልኝ ደወሉ ስለማይሰማቸው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ዳቦ ልገዛ ወደ ባምቢስ ስወርድ አንዲት የዕድራችን አባል ከፊቴ ስልክ ታወራለች። ዞር ስትል አየችኝና ድምፅዋን ቀነሰች። «እሺ… እዚሁ አጠገቤ ነው… በቃ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሽ፣ እሺ» አለችና ስልኩን ዘግታ «እንደምን አደርክ የኔ ጌታ!» ብላ ሁለት ጊዜ ሳመችኝ። በደህናው ቀን አስፋልቱን ተሻግራ ነበር የምታልፈው።

ገባኝ። መረቡ ሥራ ላይ ነው። ግን እንዴት ሆኖ ለእኔ ሳይደርሰኝ? በሥዕሉ መሠረት እኔ ከአቶ በላቸው ቀጥሎ ሁለተኛ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ሞቷል ብዬ አላዘንኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። የመጀመሪያው እውነተኛ ብልሽት ተገኝቷል! እኔ ራሴ ሰው ሊሞትብኝ ይችላል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልዞረም። ቀይ ክብ ነኛ።

የመረብ ብልሽት የሚፈለገው ደግሞ ከአንዱ መገናኛ ወደሚቀጥለው እየሄዱ፣ መልእክቱ የት እንደሳተ በመጠየቅ ነው። ወረቀቴን ጠቅልዬ ሰንጋ ተራ ሄድኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ሳንኳኳ በሩን ከፈቱ፣ አዩኝ፣ ዘጉት። እንደገና ሲከፍቱት ኮት ለብሰዋል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ የዕድር መልእክት ደርሶዎታል?»

«የምን መልእክት? ምንም የለም። ምሳ በላህ?»

«ገና አራት ሰዓት እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ሰው መብላት ያለበት ሲችል ነው። ግባ።»

«የመጣሁት ለሥራ ነው። በሰማያዊውና በእርስዎ መካከል ብልሽት አለ። ምናልባት መልእክቱ ክብ ሠርቶ ይሆናል። ክብ መሥራት ማለት፣ እርስዎ ለእትዬ ዘይነባ ይነግራሉ፣ እሳቸው መልሰው ለእርስዎ…»

እየሰሙኝ አልነበረም፤ ፊቴን ያያሉ። «በእርጋታ ተናገር የኔ ልጅ» አሉኝ። እኚህ ሰው ከዚያ በፊት ያሉኝ ነገር ቢኖር «አሳጥረው» ብቻ ነው።

«እናትህ ደሴ ብቻዋን ናት አይደል ያለችው?»

«አዎ፣ ብቻዋን ናት። ምነው?»

«ኧረ ምንም። በቃ እንዲሁ ነው።» መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ጉንፋን ነው» አሉ። ከዚያ ደረጃውን አብረውኝ ወርደው፣ እጄን ይዘው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስፋልት አሻገሩኝ። ታክሲ ውስጥ ካስገቡኝ በኋላ ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጁን አደራ» አሉት። ሠላሳ ዓመት በከተማው የነዱ ሰው ናቸው፤ የሙያ ምክር መስሎኝ አለፍኩት። በመስኮቱ ሳይ ስልክ ጆሯቸው ላይ ነበር።

ጎተራ ስደርስ ወይዘሮ ዘይነባ ብሎኩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸውን ጥለው ቤት የሚውሉ ሴት አይደሉም።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ ገና ከሩቁ።

«ምን ሆኜ ነው የምበሽረው?»

«ኧረ ምን ትሆናለህ፣ ወላሂ ምንም። ግባ ብላ።»

ገበታው ተዘርግቷል። ሦስት ዓይነት ወጥ አለ። አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ሁለተኛው ይመጣል፤ አፌ ነፃ በሆነባት ቅጽበት ሁሉ ስለ ብልሽቱ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አፌ ግን ነፃ የሚሆንበት ቅጽበት ጥቂት ነበር።

«እስቲ ስልክህን አምጣት» አሉኝ መሐል ላይ። «የኔ ተበላሽታለች፣ ለልጄ ልደውል።»

ሰጠኋቸው። ሳይደውሉ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉት።

«እትዬ ዘይነባ፣ አልደወሉም እኮ።»

«ኋላ እደውላለሁ። አንተ ብላ።»

ያኔ ስልኬ ቦርሳው ውስጥ ጮኸ። «የኔ ስልክ ነው!» አልኩ። «አይ፣ የኔ ናት» አሉ። «የእርስዎ ተበላሽቷል ብለውኝ አልነበር?» ብላቸው «አሁን ተሠራች ማለት ነው» አሉና ቦርሳውን ከሥራቸው አድርገው ተቀመጡበት።

ግራ ገባኝ። ሰው ግራ ሲገባው ወደሚያውቀው ነገር ይሸሻል፤ እኔም ወረቀቴን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁ። «እዩ» አልኳቸው፣ «መልእክቱ ከሰማያዊው ተነስቶ ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ሄዷል። ከእሳቸው ወደ እርስዎ መጥቷል። ዛሬ ባምቢስ ላይ ያገኘኋት ሴትዮም ሰምታለች። ሁሉም ጋ ደርሷል። ያልደረሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው።» ጣቴ በመስመሮቹ ላይ ሄዶ ሄዶ ቀይ ክብ ላይ ቆመ። ከክቡ በታች የገዛ እጄ ጽሑፍ አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «መልእክቱ የማይደርሰው ለባለ ሐዘኑ ቤት ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ዘይነባ ግድግዳውን አዩ።

አባቴን አላውቀውም፣ እኔ በጡት ሳለሁ ነው ያረፈው። እህት ወንድም የለኝም። ያለችኝ አንድ እናቴ ናት።

«ስልኬን ይስጡኝ።»

«ቻርጅ የላትም።»

«አሁን ጮኻ ነበር እኮ!»

«ስትጮህ ጨረሰችው» አሉና ዕንባቸው መጣ። ዕንባቸውን ሳይ ተነሳሁ። ጫማዬን ሳላስር ደረጃውን ወረድኩ።

ከሥር አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች። ባለሱቁን «ስልክህን አውሰኝ፣ እናቴ ጋ ልደውል» አልኩት። ሰጠኝ። አውራ ጣቴን ቁጥሮቹ ላይ አድርጌ ቀረሁ። የእናቴን ቁጥር አላውቀውም! ስልኬ ላይ «እማዬ» ነው የሚለው፤ «እማዬ»ን ተጭኜ ነው የምደውለው። ቁጥሩን በቃል የያዝኩት ሲም ካርድ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለራሴ ደወልኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ አነሱት። «ሃሎ» አሉ በሹክሹክታ። እውነቱን ለእኔ እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጉሮሮዬን አወፍሬ እንደ ሽማግሌ፣ የወሎዬ አነጋገሬን ጎትቼ «የልጁ ዘመድ ነኝ፣ ከደሴ» አልኩ።

«ያ ረቢ! እናንተ ናችሁ? አልሰማም ገና፣ አታስቡ። አብልቸዋለሁ።»

«እንዴት ነው ልጁ?»

«ምን ይሆናል፣ ምስኪን። አሁንም ያስረዳል።» ተነፈሱ። «እናትዮዋ ናቸው አይደል?»

እናንተ ተረጋግታችሁ ስለምታነቡ ይህ ጥያቄ መሆኑ ታይቷችኋል። ሴትዮዋ አያውቁም፤ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ግን የሰማሁት «እናትዮዋ» የሚለውን ብቻ ነው። ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የሽማግሌውም የእኔም አልነበረም። እሳቸው ደግሞ ያን ድምፅ እንደ «አዎ» ወሰዱትና «አላህ ያጽናችሁ፣ አላህ ያጽናችሁ» ብለው ዘጉት።

ባለሱቁ «ምነው ወንድሜ?» አለኝ።

«እናቴ…»

«ወይኔ! ማን ነገረህ?»

«ደውዬ።»

«ማን ጋ?»

«እኔ ጋ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ውኃ ከፍቶ ሰጠኝ።

ወደ ካዛንቺስ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ጀርባዬን ሲያሹኝ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ» የሚለውን እንኳ ቀስ ብሎ ሲናገር ትዝ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ምንም ነገር ሳላስረዳ ወረድኩ። አንድ ሐሳብ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። ባለፈው ቅዳሜ ደውላልኝ «የልምምድ ዝግጅት ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘግቼባታለሁ። ኋላ አልደወልኩም። የሰማንያ ሰው የስልክ መስመር ሳስተካክል የራሴን አንድ መስመር ረስቼው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የዕድሩ አዳራሽ ደረስኩ። በር ላይ ፒክአፕ ቆሟል፤ ድንኳኑና ወንበሮቹ ተጭነዋል። ውስጡ ግጥም ብሏል። ሰማንያ ሁለት ሰው ነው፣ ኋላ ቆጥሬያለሁ። ሴቶቹ በሙሉ ጥቁር ለብሰዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ ደርበዋል። ወይዘሮ ዘይነባ በኮንትራት ታክሲ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ልክ ስገባ አንዲት ሴት «ወዮ!» አለች፤ ከዚያ ሁሉም ሆነ።

እዚያ ልቅሶ መሐል አቶ በላቸው ከጠረጴዛቸው ተነስተው እየተንገዳገዱ መጡና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«ልጄ፣ አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «ማን ነው የሞተብኝ? ወንድሜ ነው?»

ልቅሶዬ አፌ ውስጥ ቀረ። «ምን?»

«ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ መጣ፤ ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ አንገቱን ይደፋል። ‹እርስዎ ያውቁታል› ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድሜ ኩላሊቱን ያመው ነበር…»

«የሞተችው የኔ እናት ናት!»

«እናትህ? መቼ? ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት እኮ መልእክቱን የላኩት!»

«እኔ?» አሉ አቶ በላቸው ወደ ኋላ ብለው። «እኔ ስብሰባ ነው የጠራሁት!»

አንድ ሕፃን ብቻ ማልቀሱን ቀጠለ።

ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላ ተነሱ። «ይቅርታ፣ ሊቀመንበር። ትናንት በስልክ ምን ነበር ያሉኝ? ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዕድሩ አዳራሽ፣ ለጸሐፊው እንዳይነገር። ለሌሎቹም አስተላልፍ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ከማን እንደሚደበቅ። ታዲያ ይሄ መርዶ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«መርዶ ነው» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። «ንጹሕ መርዶ!»

«ታዲያ ስብሰባ ከሆነ ለምን ከእኔ ተደበቀ?» አልኩ።

አቶ በላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። አደረጉት። «አጀንዳው… ማለቴ… ስለ አንተ ነበር። ይሄ የእሑድ ሙከራ ለሰዉ በዛበት። ፊት ለፊት እንዳንነግርህ ደግሞ ይሉኝታ ያዘን። ታዝናለህ ብለን ነው።»

«እንዳላዝን ብላችሁ እናቴን ገደላችኋት!»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ዘመዱ ከደሴ ደውሎ አረጋግጦልኛል እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አንጀት የሚበላ ድምፅ። እናቱ ናቸው ብዬ ለሁሉም ያስተላለፍኩት እሱ ካረጋገጠ በኋላ ነው፣ በሕጉ መሠረት!»

«እትዬ ዘይነባ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ምክንያቱም ነገሩ ገና አላለቀም። መርዶው ከሰማይ የወረደ ወሬ መሆኑን ሁላችንም አወቅን፤ ግን ሰው ላለመሞቱ ወሬው ሐሰት መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የእናቴን ድምፅ ከሳምንት ወዲህ የሰማ ማንም የለም።

ወይዘሮ ዘይነባ ቦርሳቸውን ከፍተው ስልኬን ሰጡኝ። «እማዬ»ን ተጫንኩ። ላውድ ላይ አደረግሁት፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ የጣስኩትም እኔው። ሰማንያ ሁለት ሰው ወደ ስልኩ ተጠጋ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አልተነሳም። ደገምኩ። አልተነሳም። ጋሽ ሙሉጌታ ኮፍያቸውን አወለቁ። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ተንኳኳ።

«ሃሎ! ምነው ምነው? ልብስ እያሰጣሁ ነው እኮ፣ እጄ እርጥብ ነው!»

«እማዬ! አለሽ?»

«የት ልሄድልህ?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መግታት የሚችል ሰው አልነበረም። ጥቁር የለበሱ አርባ ሴቶች በአንድ ጊዜ እልል አሉ።

«እልልታ ነው?» አለች እናቴ። «የምን እልልታ ነው የምሰማው? ልታገባ ነው እንዴ? ሳትነግረኝ?»

«አይደለም እማዬ…»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ? ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ማንም ካልሞተ፣ ካላገባህ፣ እልልታውና ልቅሶው ምንድን ነው?»

እኔ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፌን ከፍቼ የማስረዳው ሰው፣ አንዲት ቃል አልወጣልኝም። «ኋላ እደውላለሁ» ልል ስል አፌን ያዝኩ። «ዝም ብለሽ አውሪኝ» አልኳት። ስለ ልብሱና ስለ ዝናቡ አወራችኝ። ዕድሩ በሙሉ ቆሞ አዳመጠ። መጨረሻ ላይ «እሺ በቃ» ብላ ዘጋች፤ ቶሎ ማለቷ ግን አልጣመኝም።

ስብሰባው ተካሄደ። ሊቀመንበሩ እንዳሉት ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ምልዓተ ጉባኤ የሞላው ያን ቀን ነው። አጀንዳው እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩትም እኔ ነኝ። «ጸሐፊው ሰውን አሰልችቷል» የሚለውን በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩ። ሊሻር የታሰበውን መረብ ግን ለመሻር ከበዳቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ተነስተው «ጎተራና ሰንጋ ተራ ያለ ሰው በአንድ ጀምበር ሰምቶ ተሰብስቧል፣ ባለጉዳዩ ግን እስከ መጨረሻዋ አላወቀም። ጠፍቶ የነበረው ሟቹ ብቻ ነው» አሉ። ስለዚህ መረቡ እንዲቀጥል፣ የእሑዱ ሙከራ እንዲቀር፣ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ከሁሉ በፊት «ማንም አልሞተም» እንዲል፣ ጸሐፊው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳያስረዳ ተወሰነ። የመጨረሻዋን በተቃውሞ መዝግቤያታለሁ።

እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እናቴ ናት። በማለዳው አውቶቡስ ተነስታ መጥታለች። ከቦርሳዋ ሁለት ነጠላ አውጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ባለ ወርቅማ ጥለት። የትኛው እንደሚያስፈልጋት ስላላወቀች ሁለቱንም ይዛ ነው የመጣችው። ከዚያ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አሁን ንገረኝ» አለች።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን፣ ነጠብጣቡን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። አምስት ደቂቃውን አለፍኩት፤ አላቋረጠችኝም። በሕይወቴ እስከ መጨረሻው የሰማችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ስጨርስ ጣቷን ቀይ ክብ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ» አለች።

«…አዎ።»

«ስንት ሰው መጣ?»

«ሰማንያ ሁለት።»

ቅንድቧን አነሳች። «የማያውቁኝ ሰዎች?»

«አዎ።»

«ከጎተራም ጭምር?»

«ከጎተራም። ከሰንጋ ተራም።»

ጥቁሩን ነጠላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው፤ ጥለት ያለውን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ በመስታወቴ ፊት ቆማ አስተካከለችው።

«ተነስ፣ ውሰደኝ» አለችኝ። «ያለቀሱልኝን ሰዎች ሳላመሰግን ደሴ አልመለስም።»